ለፕሮግራሚንግ ክፍል የተላከ ሽማግሌ

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል። ይህን ያለው ሰው ማን እንደሆነ ባላውቅም ቡና አገር ሳይኖር እንዳልቀረ እጠረጥራለሁ። በዝናብ ወቅት የፈሰሰ ቡና ከጭቃ ላይ አንድ በአንድ ለቅሞ የማያውቅ ሰው እንዲህ ያለ አባባል ከየት ያመጣዋል? የዛሬ ልጆች ግን ቢያፈሱም አይለቅሙም። ስልካቸውን አውጥተው ሌላ ይመርጣሉ።

ምርጫ እንዴት እንደቀለለ ልብ ብላችኋል? ጫማ በጣት ይመረጣል፣ የጸጉር አሠራር በጣት ይመረጣል፣ አንዳንዱማ ትዳሩንም በጣቱ ገፋ ገፋ እያደረገ ይመርጣል አሉ። ባለፈው ሰሞን ከጅማው መርካቶ ባጃጅ ተሳፍሬ ወደ ቤቴ ስሄድ ቢጫ ቦርሳ ያነገተች አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ አጠገቤ ተቀመጠች። ስልኳን አወጣች። አንድ ዘፈን መረጠች፤ ጓደኛዋ ለላከችላት ፎቶ የሚስማማ ሳቅ መረጠች፤ ከዚያ የትምህርት ቤቷን ገጽ ከፍታ የትኛውን የኮምፒውተር ኮርስ እንደምትማር መረጠች። ለሦስቱም የወሰደባት ጊዜ እኩል ነው። አዌቱ ድልድይ ሳንደርስ የሕይወቷን አንድ ቅርንጫፍ ወስና ጨረሰች።

ብቻ «ላክ» የሚለውን ከነካች በኋላ ስክሪኑን አፍጥጣ አየችና፣ «ኡፍ፣ ምን ዓይነት ሲስተም ነው ደግሞ ይሄ» አለች። እኔ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ። ለምን እንዳዞርኩ በኋላ እነግራችኋለሁ።

በእሷ ዕድሜ የኔን ኮርስ ለመምረጥ ሦስት ሽማግሌዎች፣ አንድ ጡረተኛ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ አንድ የትምህርት ቤት ዘበኛና አሥራ አራት ቀን ፈጅቷል። ስትሰሙት ትስቁ ይሆናል። ሳቁ፤ እኔም እስቃለሁ። ያኔ ግን አልሳቅሁም፤ አልቅሻለሁ።

እናቴና እኔ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ነበር የምንኖረው። እናቴ መርካቶ ካለ አንድ የቡና ማበጠሪያ ቤት ቡና ለቃሚ ነበረች። ከአጋሮና ከሊሙ በጆንያ የሚመጣው ቡና ረጅም ጠረጴዛ ላይ ይዘረገፋል፤ ሴቶቹ ግራና ቀኝ ተደርድረው መጥፎውን ፍሬ ከደህናው ይለያሉ። አቧራው ቅንድብ ላይ ያርፋል፤ ወገብ ማታ ማታ የሌላ ሰው ይመስላል። ከዚያው ግቢ ጥግ ግን አንዲት ትንሽ ቢሮ ነበረች፤ እዚያ ውስጥ አልማዝ የምትባል ልጅ ኮምፒውተር ላይ ደብዳቤ ትጽፋለች። አልማዝ መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ ነው የምትቀመጠው። እናቴ ለኔ ስትመኝልኝ የኖረችው ያንን ወንበር ነው። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሚሠራው ሥራ ብዙም አላስጨነቃትም።

ዘጠነኛ ክፍል በገባሁ ዓመት ትምህርት ቤታችን አሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች አገኘ። ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት ዓይነት የመግቢያ ኮርስ ይሰጣል፤ አንዱ «የቢሮ ኮምፒውተር»፣ ሌላው «ፕሮግራሚንግ»። መምረጥ የሚቻለው አንዱን ብቻ ነው። ፕሮግራሚንግ ምን እንደሆነ ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም። ወንዶቹ ስሙ ከበድ ስላለ ብቻ ተጋፍተው ተመዘገቡ፤ ሴቶቹ ደግሞ ወንዶቹ ስለተጋፉ ተውነው። የሰው ልጅ የትምህርት ምርጫ፣ ማንም ምን ቢል፣ ከዚህ እጅግ የተለየ ምክንያት ያለው አይመስለኝም።

ወረቀቱን ይዤ ቤት ገባሁ። «ወንበር ያለበት የቱ ነው?» አለች እናቴ።

«ሁለቱም ወንበር አላቸው።»

«የአልማዝን ማለቴ ነው» አለችና ፈረመች።

የቢሮ ኮምፒውተር ሰኞ ተጀመረ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጣታችንን ፊደሎቹ ላይ የት የት እንደምናሳርፍ ተማርን። ጣታችን ካረፈ በኋላ ኮረንቲ ጠፋና እኛም አረፍን። መጥፎ አልነበረም። ደስ የሚልም አልነበረም። ያንን ሳምንት በዚሁ ባልፍ እንደ አልማዝ ሆኜ እቀር ነበር፤ ግን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጣ። የጅማን ዝናብ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ይቅርታ ሳይጠይቅ ነው የሚገባው። ሮጬ የኮምፒውተር ክፍሉ ጣራ ክፈፍ ሥር ተጠለልኩ። ውስጥ ፕሮግራሚንግ እየተሰጠ ነበር። ሥራ ፈት ዓይን ስላለኝ በመስኮቱ አጮለቅሁ።

ኮረንቲ የለም። ቲቸር ዮናስ፣ ገና ከዩኒቨርሲቲ በወጣ በዓመቱ የተቀጠረ ቀጭን ልጅ፣ ከወረቀት ከረጢት ጥሬ ቡና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ። «እኔ ምንም የማላውቅ፣ የታዘዝኩትን ብቻ የምሠራ ሰው ነኝ በሉ» አለ። «ይሄን ቡና እንድለቅም ትዕዛዝ ስጡኝ።»

አንዱ ልጅ ተነሥቶ «መጥፎውን አውጣ» አለው። ቲቸር እጁን አጣምሮ ቆመ። «መጥፎ ምንድን ነው? እኔ አላውቅም።» «ጥቁሩን።» ጥቁሩን አወጣ፤ የተሰበረውና የተበሳው እንዳለ ቀረ። «የተሰበረውንም» ተባለ፤ አወጣ። ከዚያ ማንም ምንም አላለም። ቲቸር ዮናስ ግን አላቆመም። የሚወጣ ነገር በሌለበት ጠረጴዛ ላይ እጁን እየላከ ባዶ አየር ሲለቅም፣ ሲለቅም፣ ክፍሉ በሳቅ ሞተ። «ምነው? አቁም አላላችሁኝማ» አላቸው።

እኔ አልሳቅሁም። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ከትምህርት በኋላ የቆምኩት እናቴ ጠረጴዛ አጠገብ ነው። እናቴ ቡናውን መጀመሪያ በመዳፏ ዘርጋ ታደርጋለች፣ አንዱ ፍሬ ሌላው ላይ እንዳይቆም። ከግራ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። ጥቁሩን ቀድማ ታወጣለች፣ ዓይን ቶሎ የሚያገኘው እሱን ነውና። ቀጥሎ በነቀዝ የተበሳውን፣ ቀጥሎ የተሰበረውን፣ መጨረሻ ላይ የገረጣውን። ከዚያ ሁሉንም ገልበጥ አድርጋ እንደገና ከግራ ትጀምራለች። የምታቆመው መቼ እንደሆነም ነግራኛለች፦ «አንድ ዙር ሄደሽ ባዶ እጅሽን ከተመለስሽ፣ ያኔ በቃ።» ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሃያ አራቱም ልጆች ያጡት ይሄን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በመስታወቱ ላይ አፌን አስጠግቼ ተናገርኩት። መስታወቱ ጭጋግ ከመልበሱ በቀር የሰማኝ የለም።

በስብሼ ቤት ደረስኩ። ለእናቴ ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት፤ ወደዚያኛው ክፍል መዛወር እፈልጋለሁ አልኳት።

«እና ትምህርቱ ቡና መልቀም ነው?» አለች። ከቡና ልታርቀኝ ስትለፋ ለኖረች ሴት የሚያስደስት ወሬ አልነበረም።

«መልቀም አይደለም። ለማያውቅ ሰው አንድም ሳያስቀሩ መንገር ነው። አንቺ እንደምታደርጊው ነው፣ እማ። እነሱ መቼ እንደሚቆም እንኳን አያውቁም።»

መዳፏን ገልብጣ እያየች፣ «እኔን እኮ አንድም ሰው እንዴት ነው የምትለቅሚው ብሎኝ አያውቅም» አለች።

እዚህ ላይ እናንተ «ታዲያ ለምን ወደ መምህሩ ሄደሽ አታስፈርሚም?» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። ክፍል መቀየር እስከሚቀጥለው ማክሰኞ ይቻል ነበር፤ የሚያስፈልገው የመምህሩ ፊርማ ያለበት አንድ ቁራጭ ወረቀት ነው። አርብ ጠዋት ሄጄ ብጠይቅ በሁለት ደቂቃ ያልቅ ነበር። ግን እናቴ ነገሩን በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ አድርጋ አላየችውም። ልጇን በፊርማዋ ለአንዱ ሰጥታለች፤ አሁን ከአንዱ አስወጥቶ ለሌላው መስጠት ነው። ይህ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ነጠላዋን ለብሳ ወደ አባፊጣ ሄደች።

አባፊጣ የሰፈራችን ትልቅ ሰው ናቸው። ድሮ የቡና ነጋዴ ነበሩ፤ ያኔ ግን ሙስበሃ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ በራቸው ላይ ተቀምጠው የሰፈሩን ነገር ያቃናሉ። አጥር የገፋ፣ ሚስቱን ያኮረፈ፣ ልጁን ለመዳር ያሰበ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም እሳቸው ደጅ ነው የሚመጣው። እናቴን አስቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሟት። «እንዲህ ያለ ጉዳይ ቢሮ ውስጥ ተቁሞ አይጠየቅም» አሉ። «ቤቱ ይኬዳል። የመምህሩ አባት በሕይወት አሉ?» «አሉ» አለቻቸው እናቴ፤ ቤታቸውም ሰቶ ሰመሮ የሚባለው ሰፈር ነው። «እንግዲያው እሁድ እንሄዳለን ኢንሻላህ።» ወደ እኔ ዞረው፣ «አይዞሽ፣ ኢንታላ ኮ» አሉኝ። እሳቸው «ልጄ» ሲሉ በኦሮምኛ ነው፤ በአማርኛ ሲሉት ደግሞ የሚቆጡ ሲሆን ነው።

እሁድ ከምሳ በኋላ ሦስት ሆነው ተነሡ። አባፊጣ አንድ፤ ጋሽ ወልዴ የሚባሉት ጡረተኛ የጭነት መኪና ሾፌር ሁለት። ሦስተኛው ሁለት ሰው ሽማግሌ ስለማይባል ለቁጥር የተወሰዱ ጎረቤታችን ናቸው፤ ውለው እስኪመለሱ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ሦስቱም ጋቢያቸውን ደርበው አንድ ባጃጅ ውስጥ ገቡ። ጉልበታቸው አገጫቸው ላይ ደርሶ፣ የጋቢያቸው ጫፍ በጎን እየተንጠለጠለ ሲሄዱ በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። የሚያስቅ ነገር ነበረው። ለኔ ነው የሚሄዱት ስል ግን ባጃጁ እስኪሰወር ከበሩ አልተነሣሁም።

እዚያ ቤት የሆነውን የማውቀው ጋሽ ወልዴ በኋላ ደጋግመው ስላወሩልኝ ነው። ባወሩት ቁጥር ይረዝማል፤ እኔ አጭሩን ልንገራችሁ።

የመምህሩ አባት አቶ ታምሩ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የጨረሱ፣ ካፖርታቸውን ቤት ውስጥም የማያወልቁ ሰው ናቸው። ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ በር ላይ ቆሙ። ተቀመጡ ሲባሉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ተለመኑ። ተቀመጡ። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ነውና አባፊጣ ከዘንድሮው ዝናብ ተነሥተው፣ በቡናው አበባ በኩል ዞረው፣ የልጅ አስተዳደግ ላይ ትንሽ አርፈው ወደ ነገሩ ገቡ። «አንዲት ልጅ አለችን። ልጅዎ በሚያስተምርበት ክፍል ገብታ እንድትማር ልንለምን ነው የመጣነው። የተመዘገበችው ሌላ ክፍል ነው። ያንን ክፍል አንጠላም፤ ልቧ ግን እዚህ ሆነ።» ከዚህ የበለጠ ግልጽ ንግግር የለም። ማንም ያልገባው ነገር አልነበረም።

ቲቸር ዮናስ ከጓዳ ወጣ ብሎ፣ «እንዴ፣ ነገ ትምጣና እፈርምላታለሁ» ሊል አፉን ከፈተ። «ነገ ት...» ሲል አባቱ ከመነጽራቸው በላይ አዩት።

«ዮናስ። ሽማግሌ ፊት ነው ያለኸው።»

ዮናስ አንገቱን ደፋ። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ያለው መምህር፣ በገዛ ክፍሉ ጉዳይ፣ እንደምትጠየቅ ሙሽራ ጥግ ይዞ መሬት መሬት አየ። ሽማግሌ የለመነውን በቆመበት የሚሰጥ ቤት ደግሞ ምን ዓይነት ቤት ነው? ነገሩን አቃለለ፣ ሽማግሌዎቹንም አቃለለ ማለት ነው። አቶ ታምሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሰው ሲናገሩት የኖሩትን ነገር ተናገሩ።

«ሰምተናል። ደስም ብሎናል። እኛም እንምከርበት፤ እናጣራም። የዛሬ ሁለት ሳምንት እሁድ በዚሁ ሰዓት ተመለሱ።»

ሽማግሌዎቹ መርቀው ተነሡ። ሲመለሱ በሩ ላይ ጠበቅኋቸው። አባፊጣ ከባጃጁ ወርደው ጋቢያቸውን እያስተካከሉ፣ «ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው» አሉኝ። «አልከለከሉንም። ቀጠሮ ሰጡን።» እናቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። በአገራችን የማይፈልግ ሰው ቀጠሮ አይሰጥም፤ ቀጠሮ ማለት ግማሽ እሺ ነው።

እኔ በጣቴ ቆጠርኩ።

«አባፊጣ፣ ምዝገባው እኮ ከነገ ወዲያ ማክሰኞ ይዘጋል።»

«ማነው የሚዘጋው?»

«ትምህርት ቤቱ።»

አባፊጣ አሰቡበት። «ትምህርት ቤቱ ሽማግሌ ልኮ ነው የዘጋው?»

«አይደለም። ማስታወቂያ ለጥፎ ነው።»

«እንግዲያው የኛ ይበልጣል» ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ።

አሁን ወጥመዱን ታዩታላችሁ? ሽማግሌዎቹ ከቀጠሮ በፊት ተመልሰው ቢሄዱ ነውር ነው። እናቴ ብትሄድ ሽማግሌዎቿን ናቀች። እኔ ራሴ ወረቀቱን ይዤ ብሄድ ከሁሉ የባሰ ነው፤ ጉዳዬ ሽማግሌ እጅ ገብቷል፣ ከእንግዲህ የኔ አይደለም። ሰኞ ከቲቸር ዮናስ ጋር ኮሪደር ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ሁለታችንም እንደተጫጩ ሰዎች ዓይናችንን ወዲያና ወዲህ አደረግን።

«ሰናይት» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወረቀቱ ተፈርሞ ኪሴ ውስጥ ነው ያለው። ግን አባቴ...»

«አውቃለሁ ቲቸር።»

«ቀጠሮ ሰጥቷል።»

«አውቃለሁ።»

ማክሰኞ በአሥር ሰዓት ዝርዝሩ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተነሣ፤ ማኅተም ተመትቶበት ፋይል ውስጥ ገባ። ስሜ የቢሮ ኮምፒውተር ውስጥ ቀረ። ሽንት ቤቱ ጀርባ ሄጄ ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው። በሽማግሌዎቹም፣ በእናቴም፣ በጅማም ተናደድኩ። ሌላ ከተማ ብወለድ አልኩ፤ ሁሉ ነገር በሁለት ደቂቃ የሚያልቅበት።

እንባዬን ጠርጌ ግን የት ሄድኩ መሰላችሁ? መስኮቱ ሥር። ማክሰኞ የፕሮግራሚንግ ቀን ነው። ደብተሬን ደረቴ ላይ ለጥፌ፣ ከሰሌዳው የሚታየኝን በጀርባ ገጽ ላይ ገለበጥኩ። ሐሙስም ሄድኩ። በዚህ መሀል ውስጥ ያሉት እየቀነሱ መጡ፤ ጨዋታ የመሰላቸው፣ ስሙ የከበዳቸው፣ አንድ ነጥብ ብትጎድል የማይሠራ ነገር ያናደዳቸው አንድ በአንድ ኳስ ሜዳ ተገኙ። እኔ ውጭ ቆሜ እንደምከታተል ማንም አላየኝም ብዬ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ስመጣ ግን ቀለም ተለድፎበት ለዓመታት ተከፍቶ የማያውቀው መስኮት ተከፍቶ አገኘሁት። ሰሌዳውም ከቦታው ፈቀቅ ብሎ ወደ መስኮቱ ዞሯል። ቲቸር ዮናስ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ድምፁን ብቻ ከፍ አደረገ። አባቱ ቀጠሮ የሰጡት ለኔ ነው እንጂ ለመስኮቱ አይደለም።

አቶ ታምሩ ደግሞ ሥራቸውን እየሠሩ ነበር። እናጣራ ያሉት ለአፋቸው አልነበረም። ልጅ የተጠየቀ ቤት ዘር ይቆጥራል፤ እሳቸው የሚቆጠር ዘር ቢያጡ ከዘራቸውን ይዘው መርካቶ ማበጠሪያ ቤቱ ድረስ መጡ። የእናቴን ጠረጴዛ ጠይቀው አገኙ።

«የልጅቷ እናት አንቺ ነሽ?»

«አዎ ጋሼ፣ እኔ ነኝ።»

«እስቲ እንዴት ነው የምትለቅሚው? ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

ይሄን የነገረችኝ እናቴ ናት። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ወገቧን ስትጨርስ ማንም ያልጠየቃትን አንድ ባለ ካፖርት ሽማግሌ ከሰቶ ሰመሮ መጥቶ ጠየቃት። ዘርግታ አሳየቻቸው። ጥቁሩን፣ የተበሳውን፣ የተሰበረውን፣ የገረጣውን። እሳቸው በፍርድ ቤት ጽሕፈታቸው፣ ቁጥር እየሰጡ፣ አንድም ሳያስቀሩ ጻፉ። ከዚያ ወጥተው ወደ ትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሄዱ።

በቀጠሮው እሁድ ሦስቱ ሽማግሌዎች በዚያው ሰዓት ተገኙ። አቶ ታምሩ ደብተራቸውን ከፍተው እንደ ውሳኔ አነበቡ። «እናትየዋ አንድ ዙር ባዶ እጇን ሳትመለስ እንደማታቆም አይተናል። ልጅቷን በተመለከተ፣ ምዝገባው ከተዘጋ በኋላ አራት ጊዜ መስኮት ሥር ቆማ መማሯን፣ ሁለቱን ጊዜ በዝናብ መሆኑን ዘበኛው መስክሯል። ክፍል ውስጥ ከገቡት ልጆች ስንቱ ዝናብ ላይ ቆሞ እንደሚማር ልጄን ጠይቄው አንድም ስም አልጠራልኝም።» ደብተሩን ዘጉ። «ሰጥተናል።»

ቲቸር ዮናስ ያን ጊዜ ነው ቀና ያለው ይላሉ ጋሽ ወልዴ።

ዳይሬክተሩ ማኅተም የተመታበት ዝርዝር አይነካም አሉ። ወንበርም የለም አሉ፤ በዝርዝሩ ላይ ላሉት ሃያ አራት ልጆች ሃያ አራት ወንበር ነው። አባፊጣ ይህን ሲሰሙ ሰኞ ማታ ከቤታቸው ባለ ሦስት እግር በርጩማ አስይዘው ወደ ቤታችን ላኩ። ማክሰኞ በርጩማዬን ተሸክሜ ገባሁ። ዓመቱ ሲያልቅ ክፍሉ ውስጥ የቀረነው አሥራ አንድ ነበርን፤ ባዶ ወንበር ሞልቶ ነበር፣ እኔ ግን ከበርጩማዬ አልተነሣሁም። እናቴ አንድ ቀን ልታየኝ መጥታ፣ «መደገፊያ እንኳን የለው» ብላ ራሷን ነቀነቀች። ያው ስቃ ነው።

በወረቀት ግን እስከ ዛሬ የቢሮ ኮምፒውተር ተማሪ ነኝ። ትራንስክሪፕቴ ላይ ያለው እሱ ነው፣ ውጤቱም የሚያኮራ አይደለም። ፕሮግራሚንግ የሚባል ነገር ስለመማሬ ማስረጃው የአቶ ታምሩ ደብተር ብቻ ነበር፤ እሱም የት እንደገባ አይታወቅም።

አሁን እዚያው ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህር ነኝ። ወላጆች እየመጡ «ለልጄ የትኛው ይሻላታል?» ይሉኛል። አላውቅም። እውነቴን ነው። የማውቀው ያን አርብ ጠዋት በሁለት ደቂቃ ቢፈረምልኝ ኖሮ፣ ኳስ ሜዳ ከወጡት ጋር አብሬ ልወጣ እችል እንደነበር ነው። አሥራ አራት ቀን ተከልክዬ እንደምፈልገው አወቅሁ። አባፊጣ ካረፉ ቆይተዋል። አቶ ታምሩም፣ ጋሽ ወልዴም የሉም። ይናፍቁኛል። ለአንዲት የለቃሚ ልጅ የኮምፒውተር ኮርስ ብለው ጋቢ ለብሰው ባጃጅ ውስጥ የሚታጨቁ ሰዎች ዛሬ ከየት ይገኛሉ? በርጩማው ግን ቢሮዬ ውስጥ አለ፤ እንግዳ ሲመጣ ወንበሩን እሰጥና እሱ ላይ እቀመጣለሁ።

አምና ትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ኮርስ በስልክ የሚመርጡበት ሲስተም እንድሠራ ጠየቀኝ። ሠራሁ። ምክትል ዳይሬክተራችን፣ ፈጣን ወጣት ነው፣ ሞክሮት ወደ ቢሮዬ መጣ።

«ሚስ ሰናይት፣ ተማሪው መርጦ ከላከ በኋላ ይሄ አሥራ አራት ቀን ምንድን ነው?»

«ሲስተሙ የሚያጣራው ነገር አለ።»

«ምን ምን?»

«ብዙ ነገር ነው» አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

እንግዲህ ያቺ ባጃጅ ውስጥ ያየኋት ልጅ «ላክ» የሚለውን ስትነካ ስክሪኗ ላይ ምን እንደወጣ አወቃችሁ። «ሰምተናል። ደስም ብሎናል። የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ» ነው የሚለው። ፊቴን ያዞርኩት ለዚህ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ለነባሮቹ ፕሮግራሚንግ እያስተማርኩ ዝናቡ መጣ። ኮረንቲም እንደ ልማዱ ሄደ። ቡናዬን ጠረጴዛው ላይ ዘርግፌ «መቼ ላቁም?» እያልኩ ቀና ስል መስታወቱ ላይ የትንፋሽ ጭጋግ አየሁ። ከጭጋጉ ጀርባ ቢጫ ቦርሳ አለ። ልጅቷ ናት፤ አፏን መስታወቱ ላይ አስጠግታ የሆነ ነገር ትናገራለች፣ አይሰማም።

ግቢ ልላት ቃሉ አፌ ደርሶ ነበር። ቀጠሮዋ ግን ገና አምስት ቀን ይቀረዋል። ሄጄ መስኮቱን ከፈትኩና፣ ቀና ብዬ ሳላያት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ቀጠልኩ።